«ዋጋ በውስጥ መስመር» ስል ሰው ይጠፋል፤ የእጅ ሥራ እንዴት ነው የሚሸጠው?

አለላ_ሰፊ (ውይይቱን የከፈተችው)

ሰላም ለሁላችሁ። አክስቴ ደሴ ነው የምትኖረው፤ ስፌት ትሰፋለች። ሙዳይ፣ ትንንሽ መሶብ፣ ሰፌድ፣ አንዳንዴ አገልግል። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ በቴሌግራም ቻናልና በቲክቶክ እሸጥላታለሁ። እሸጥላታለሁ ይባል እንጂ ላይክ ነው የምሰበስብላት። «እጇ ይባረክ»፣ «ዋው ባህላችን» ይጎርፋል። ከዛ «ስንት ነው?» ይመጣል። በውስጥ መስመር ዋጋ እነግራለሁ። ዝም! አንዳንዱ ደግሞ «ለሳር ነው ይሄ ሁሉ ብር?» ብሎ ሹልክ ይላል።

ባዛር ላይም ያው ነው። ሰው ይመጣል፣ መሶቡን አቅፎ ፎቶ ይነሳል፣ አመስግኖ ይሄዳል።

ዋጋ ልቀንስ? ስቱዲዮ ወስጄ ፎቶ ላስነሳ? ወይስ ብዙ ተከታይ ላለው ቲክቶከር ከፍዬ ላስተዋውቅ? የምታውቁ እስቲ ጣል ጣል አድርጉልኝ።

ፒያሳ_ልጅ

ዋጋውን ጻፊዋ! እኔ «ዋጋ በውስጥ» የሚል ሳይ አልጠይቅም። ስሜንና ፎቶዬን አይተው የሚተምኑልኝ ነው የሚመስለኝ።

ሸገር_ገበያ

አልስማማም። ሰው «ስንት ነው» ብሎ ኮሜንት ሲጽፍ ነው ቪዲዮው የሚሰራጨው። ዋጋ ከጻፍሽ ማን ይጠይቅሻል? ደግሞ ጎረቤት ሻጭ አይቶ 100 ብር ቀንሶ ይለጥፋል። እኔ ጫማ የምሸጠው እንደዚህ ነው፤ ያዋጣል።

ፒያሳ_ልጅ

ጫማ ሌላ ነው ወንድሜ። የጫማ ዋጋ ሰው በግምት ያውቀዋል። የሙዳይ ዋጋ ግን ማን ያውቃል? 500 ብር ገምቶ ገብቶ 2,500 ሲባል ይደነግጣል። ደንግጦ ደግሞ «አይ ተወደደብኝ» አይልም፤ ያፍራል፣ ይጠፋል። ከመጀመሪያው 2,500 ተጽፎ ቢያየው የሚገባው አቅሙ ያለው ብቻ ነው።

ሽሮሜዳ_አንጋፋ

ልጄ፣ እኔ የሸማ ሰው ነኝ እንጂ ስፌት አልሸጥም። ችግርሽ ግን የእኛም ችግር ነው።

ሽሮ ሜዳ ዛሬ የቻይና ፕሪንት ሞልቷል። ጥለቱ በማሽን የታተመ ነው። ከሩቅ ስታይው ያው የሀበሻ ቀሚስ ነው፣ ዋጋው ግን የት እና የት። ፎቶ ላይማ ጭራሽ አይለይም። የጨንቻው ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ መወርወሪያውን ግራ ቀኝ እየወረወረ፣ ጥለቱን ክር በክር እየቆጠረ የሰራው ከፕሪንቱ ጎን ሲሰቀል «ይሄኛውስ ለምን ተወደደ?» ይባላል። ሰዉ አይፈረድበትም። በምን ይወቅ?

እኔ ለገዢ የማደርገው አንድ ነገር ነው፤ ጨርቁን እገለብጠዋለሁ። የታተመው ሲገለበጥ ጀርባው ገረጣ ይላል፤ ቀለሙ ላይ ላዩን ስለሆነ። የተሸመነው ጀርባ ላይ ክሩ ሲሄድ፣ ሲመለስ፣ ሲሻገር ይታያል። ያኔ ገዢዋ እጇን ትሰዳለች። እጇን ከሰደደች በኋላ ስለ ዋጋ የምታወራው በሌላ አፍ ነው።

ስለዚህ ሙዳይሽን ገልብጪ። ክዳኑን ክፈቺ፣ ቂጡን አሳዪ። የስፌት ጥራት የሚታወቀው ከታች ከመሃል፣ ከተጀመረበት ነው። እዛ ጋ ዙሩ ጥብቅና እኩል ከሆነ የቀረውም ጥሩ ነው። ይህን ደሴ ያለችው አክስትሽ በደንብ ታውቃለች። ቲክቶክ ላይ ያለው ሰው ግን አያውቅም፤ ንገሪው።

አለላ_ሰፊ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እውነት ነው፣ አንድም ቀን ከታች አንስቼው አላውቅም። እርስዎ ሲሉኝ አሁን አንዱን ገልብጬ አየሁት፤ ከመሃሉ የሚነሳው ኮከብ ከላይ ካለው ይበልጥ ያምራል።

ጥላና_ብርሃን

ስቱዲዮው ይቅርብሽ። ስልክሽ ይበቃል። ግን፦

ቀትር ላይ ደጅ አውጥተሽ አታንሺ። የቀትር ፀሐይ የአለላውን (የተነከረውን ሳር) ቀለም ያነጣዋል፣ ከስር ያለውን ደግሞ ያጠቁረዋል። ጠዋት በር አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ቦታ አስቀምጪው፤ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። ከጎን የመጣ ብርሃን እያንዳንዱን ዙር ያወጣዋል።

ከኋላው ምንም አታብዢ። የሻጮቻችን ፎቶ ብዙ ጊዜ ቄጤማ፣ ረከቦት፣ ፈንዲሻ፣ ባንዲራ፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው። ሸቀጡ የቱ እንደሆነ ይጠፋል። ልስን ግድግዳ ወይም የቆየ ጣውላ በቂ ነው።

ፊልተር በፍጹም! ቀዩ ደምቆ ታይቶ ቤት ሲደርስ ከደበዘዘ ያ ደንበኛ አይመለስም።

ከሁሉም በላይ መጠኑ ይታይ። አንዴ መሶብ ያዘዘች ጓደኛዬ የደረሳት ስኳር ማስቀመጫ የሚያህል ነው። ፎቶው ላይ እኮ ትልቅ ነበር! እጅ አስገቢበት። መሶብ ከሆነ እንጀራ አድርጊበት። በሳንቲም ሜትር ደግሞ ጻፊው።

ጀጎል_ሰፈር

ከሐረር ነኝ። እኛ ጋ ስፌት ከእቃ ቤት አይቀመጥም፣ ግድግዳ ላይ ነው። የሐረሪ ቤት ስትገቡ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ስፌቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተሰቅለው ታያላችሁ። ጀጎልን ሊያይ የመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው ቤቱን ነው፤ ስፌት የሚገዛው ከዛ በኋላ ነው። ቤቱ ሲመለስ የት እንደሚሰቅለው አስቀድሞ ያውቃል።

አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው «ቆንጆ ነው፣ ግን የት ላደርገው?» ነው የሚለው። ጥያቄውን ቀድመሽ መልሺለት። ሰፌዱን ሦስት አድርገሽ ግድግዳ ላይ ሰቅለሽ አንሺ። ሙዳዩን የጌጣጌጥ ማስቀመጫ አድርጊው። ቡፌ ላይ አቧራ የሚጠጣ ዕቃ ሰው አይፈልግም፣ ቤቱ ሞልቷል።

የቆዳ_ቦርሳ

የቆዳ ሥራ ላይ ነኝ። ስለ ዋጋ ማንም በደንብ አላወራም፤ እኔ ላውራ፣ ትንሽ ይረዝማል።

እህቴ፣ ዋጋ ልቀንስ ከማለትሽ በፊት ያሁኑ ዋጋሽ ከየት መጣ? አብዛኞቻችን ዋጋ የምናወጣው «እገሊት ስንት ትላለች» ብለን ነው። እገሊትም ከሌላዋ ነው የሰማችው። ማንም ሒሳብ አልሰራም።

እስቲ እንስራው። እንበል አንድ ሙዳይ አራት ሙሉ ቀን ይፈጃል። የአክስትሽን ቀን በ400 ብር ያዢው። 1,600 ብር። ሳሩን (አክርማ፣ ስንደዶ) ከነቀለሙ 250 በይው። ከደሴ መላኪያ 50። ይሄው 1,900 ደረሰ። እስካሁን ግን አንቺ የለሽበትም። ፎቶ ያነሳሽበት፣ ዳታ የሞላሽበት፣ ለሃያ ሰው «ውድ፣ የመጨረሻው ይሄ ነው» እያልሽ የጻፍሽበት አለ። 400 ጨምሪ። 2,300 ብር። ይሄ ወለሉ ነው፤ ከዚህ በታች ከሸጥሽ ከአክስትሽ ጉልበት ላይ ነው የምትመጸውቺው።

አሁን አንድ የስጦታ ዕቃ ሱቅ መጥቶ «አስር ሙዳይ በጅምላ ስጪኝ» አለሽ እንበል። በ1,900 ይጠይቅሻል። በቴሌግራም በ2,300 እየሸጥሽ ከሆነ ሱቁ እሱ ላይ ጨምሮ መሸጥ አይችልም፣ ደንበኛው ስልኩን አውጥቶ ያንቺን ዋጋ ያሳየዋል። ስለዚህ ወይ የችርቻሮ ዋጋሽን ከፍ አድርገሽ ለሱቁ ቦታ ትተዪለታለሽ፣ ወይ ለሱቅ የምትሰጪውና ራስሽ የምትሸጪው ዕቃ ይለያያል። እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው። ለሱቅ ቀላልና ተመሳሳይ ዕቃ፤ ለራሴ ደንበኛ ጥሩ ጥሩው። አለዚያ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆናል፤ ሱቅ አገኘሁ ብለሽ የራስሽን ገዢ ታጫለሽ።

«ሲሸጥ እከፍላለሁ» የሚል ሱቅ ካጋጠመሽ በጽሑፍ ተፈራረሚ። ስንት ዕቃ፣ በስንት፣ እስከ መቼ፣ ቢበላሽስ የማን ነው። ስሙን የማልጠራው ሱቅ ቦርሳዎቼን ለወራት መስታወቱ ጋ ደርድሮ በፀሐይ አስመታብኝ። ሲመልስልኝ አንዱ ጎን ቡናማ፣ ሌላው ጎን የገረጣ ነበር። አለላ ደግሞ ከቆዳ ይብሳል።

2,300ውም ካልተሸጠስ? ያኔም ዋጋውን አትቀንሺ፤ ሥራውን ቀንሺው። አክስትሽ በአንድ ቀን የምትጨርሰው ምንድነው? የብርጭቆ ማስቀመጫ፣ መዳፍ የምታህል ሰፌድ፣ ክዳን የሌለው ቁልፍ መጣያ። በዛው ሒሳብ 400 የቀን፣ 60 የሳር፣ ያንቺ 150፣ ከነማጓጓዣው 650 ገደማ። ባዛር ላይ ፎቶ ተነስቶ የሚሄደው ሰው እኮ ጠልቶሽ አይደለም። ኪሱ ውስጥ 700 ብር አለ፣ ጠረጴዛሽ ላይ ግን ከ2,000 በታች ዕቃ የለም።

ሸገር_ገበያ

ወንድሜ፣ የቀን 400 ብር ዛሬ ምን ይገዛል? ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ብሩ ከተንሳፈፈ ጀምሮ፣ ያልጨመረ ነገር ንገረኝ።

የቆዳ_ቦርሳ

ልክ ነህ፣ ለምሳሌ ነው ያልኩት። 600ም በለው፣ አካሄዱ ያው ነው። ዋናው የቀኑ ዋጋ መጀመሪያ ይጻፍ። እኛ አገር መጨረሻ ላይ የሚታሰበው፣ ከተረፈ፣ እሱ ነው።

ቀጨኔ_ጀበና

እኔ ጀበናና ድስት ነው የምሸጠው፣ ቀጨኔ ካሉ እናቶች እያመጣሁ። ስለ ፎቶ ብዙ ተባለ። እኔን የጠቀመኝ ሌላ ነው።

ሸክላ ላይ የገዢ ፍርሃት ሁለት ነው፤ ያንጠባጥባል ወይ፣ ይሰበራል ወይ። ስለዚህ ጀበናውን ውሃ ሞልቼ ደረቅ ጋዜጣ ላይ አስቀምጬ ቪዲዮ እቀርጻለሁ። ቡና እስኪፈላ የሚቆየውን ያህል ይቆያል። አንስቼ ጋዜጣውን አሳያለሁ፣ ደረቅ። ምንም አልናገርም። ከሁሉም ቪዲዮዎቼ ብዙ ትዕዛዝ ያመጣልኝ ይሄ ነው።

ሌላው፣ ከጀበናው ጋር ትንሽ ወረቀት አደርጋለሁ። እንዴት እንደሚሟሽ። ድሮ እናት ታስተምር ነበር፤ ዛሬ ብዙ ልጅ አዲስ ጀበና ገዝታ እዛው ላይ ታፈላና «ጭቃ ጭቃ ይላል» ብላ ትደውላለች። ወረቀቱን ካስገባሁ ጀምሮ ይሄ ስልክ ቀርቷል ማለት ይቻላል። አንቺም ለሙዳዩ ጻፊ፤ ውሃ አይንካው፣ በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ፣ ከፀሐይ ይራቅ። እንክብካቤ የተጻፈለትን ዕቃ ሰው እንደ ተራ ነገር አያየውም።

ማሸጊያ ላይ አትሰስቺ፣ ግን አታካብጂውም። ጭድና ካርቶን ይበቃል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ከሜሪላንድ። ዲያስፖራው ይገዛል እያላችሁ ለምትጠብቁን፣ እንገዛለን፤ ግን ዕቃው እንዴት እንደሚደርሰን አስቡ።

አብዛኛው የእጅ ሥራ እዚህ የሚደርሰው በሰው ሻንጣ ነው። ሰው ሲመጣ ቡናና በርበሬ ሞልቶ ነው የሚመጣው። መሶብ ደግሞ አይከብድም እንጂ ቦታ ይበላል፤ ሻንጣውን ብቻውን ይሞላል። «ትንንሾቹ አንዱ ውስጥ አንዱ የሚገቡ ሦስት ሙዳዮች» ብትሉኝ ግን ዛሬ ለእናቴ ገንዘብ እልካለሁ፣ ገዝታ ትልክልኛለች።

በፖስታ ለምትልኩ ደግሞ፣ ድሮ ከ800 ዶላር በታች የሆነ ዕቃ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ይሄ ከነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቀርቷል። ኢትዮጵያም ከ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ከአጎዋ፣ የአፍሪካን ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባው ሕግ፣ ውጪ ናት። ስለዚህ ዋጋ ስትነግሩን ቀረጥ በማን እንደሆነ አብራችሁ ንገሩን፤ በር ላይ ሲጠየቅ ሰው ይቀየማል። የሳር ዕቃ ይዞ የሚገባም ኤርፖርት ላይ ማስታወቅ አለበት። ፍሬ ወይም ነፍሳት ከተገኘበት ይወስዱታል። በደንብ አራግፋችሁ፣ አድርቃችሁ ላኩ።

ነታንያ_ነኝ

ስለ ሻንጣ ሲነሳ ወለቃ ትዝ አለችኝ፣ ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው። የእኛ ሰዎች፣ ቤተ እስራኤላውያን፣ እስራኤል ከመግባታቸው በፊት እዛ ሸክላ ይሰሩ ነበር። ቱሪስት መምጣት ሲጀምር ምጣድና እንስራ ተሸክሞ እንደማይሄድ ገባቸው። በእጅ የሚያዙ ትንንሽ ምስሎችን፣ ሰውም እንስሳም፣ አንዳንዱ የዳዊት ኮከብ ያለበት፣ ይሰሩ ጀመር። ያው ጭቃ፣ ያው እጅ። ዛሬም በቤታችን መደርደሪያ ላይ አንድ አለ።

ባዛር_አዳሪ

ጊዜውንም እንዳትረሱ። ሙዳይና መሶብ የሰርግ ዕቃ ነው። ሰርግ ያለው ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ ነው፤ በዐቢይ ጾም ሙሽራ የለም። ለጥር ሙሽራ ጥር ላይ ከለጠፍሽ አልቋል፣ ቤተሰቡ ገዝቶ ጨርሷል። ኅዳር ላይ መታየት አለብሽ።

ባዛር ላይ ደግሞ ሁሉን መሬት ላይ አትዘርጊ። ሰው ለማየት ካጎነበሰ ትንሽ ቆይቶ ይሄዳል። ካርቶን ገልብጠሽ ነጠላ አልብሺና ከፍ ዝቅ አድርገሽ ደርድሪ። ዋጋ በእያንዳንዱ ላይ፣ በእጅ ጽሑፍም ቢሆን። ከኋላ ቁጭ ብለሽ ስልክ አትነካኪ፤ ወስፌና አለላ ይዘሽ ስፊ። ባትችዪም ጀምሪ። እጅ ሲንቀሳቀስ ያየ ሰው ይቆማል።

ጥላና_ብርሃን

ቲክቶከሩንም ማንም አልመለሰላትም። በእኔ በኩል ገንዘብሽን ያዢ። የሱ ተከታይ የሚስቀውን ነው የሚከተለው። ያንን ብር ለአክስትሽ ላኪላትና ስትሰፋ የሚቀርጻት የሰፈር ልጅ ፈልጊ።

አለላ_ሰፊ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አክስቴን አናገርኳት። ፊቷ እንዲታይ አትፈልግም፣ «እጄን ብቻ» ብላለች። ስሟም እንዲጻፍ አልፈለገችም፣ «ደሴ» ይበቃል አለች። 2,700 ብር ልንሸጥ ነው ስላት በስልክ ሳቀች፤ «ማን ያብድልሻል?» አለች። (400 ለሱቅ የሚሆን ጨምሬ ነው፣ የቆዳ_ቦርሳን ሰምቼ።)

የድሮው ጽሑፌ፦ «ውብ የባህል ሙዳይ!!! ዋጋ በውስጥ መስመር»

አዲሱ ይሄ ነው፣ አርሙኝ፦

«ክዳን ያለው ሙዳይ። ቁመቱ ከነክዳኑ 22 ሳ.ሜ፣ አፉ 18 ሳ.ሜ። ደሴ ውስጥ በአንድ ሰው እጅ፣ በወስፌ የተሰፋ፤ አራት ቀን ይፈጃል። የታችኛውን ሥራ ሁለተኛው ፎቶ ላይ ይመልከቱ። ቀለሙ የተነከረ አለላ ስለሆነ ውሃና ቀጥታ ፀሐይ አይስማማውም። 2,700 ብር። አዲስ አበባ ውስጥ ማድረሻ ለብቻ ይታሰባል። አሁን ያለው አንድ ነው፤ በትዕዛዝ በሁለት ሳምንት ይደርሳል።»

ሽሮሜዳ_አንጋፋ

ጎበዝ። ሁለት ሳምንቱን ግን ወር በይው። ሰው ይታመማል፣ ለቅሶ ይመጣል፣ በዓል አለ፣ ሳሩም ሁልጊዜ አይገኝም። ወር ብለሽ በሦስት ሳምንት ካደረስሽ ይመርቁሻል። ሁለት ሳምንት ብለሽ በሦስት ካደረስሽ ይረግሙሻል።

ፒያሳ_ልጅ

«በአንድ ሰው እጅ» የሚለው ጥሩ ነው። «ውብ» የሚለውን ማውጣትሽም ጥሩ፤ ውብ መሆኑን ፎቶው ይናገራል። ግን ዋጋው ተጽፎም «መጨረሻው ስንት ነው?» የሚል መምጣቱ አይቀርም። ምን ልትዪ ነው?

አለላ_ሰፊ

እሱ ነው ያስጨነቀኝ። ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?

ሽሮሜዳ_አንጋፋ

«ዋጋው ያው ነው፤ ሁለት ከወሰዱ ማድረሻው በእኛ ነው» በይ። አክብረሽ፣ ሳትቆጪ።

ፒያሳ_ልጅ

ጋሼ፣ ሽሮ ሜዳ ሄጄ ሳልከራከር የገዛሁበት ቀን እኮ የለም!

ሽሮሜዳ_አንጋፋ

ሱቅ ሌላ ነው ልጄ። እዛ ክርክሩ ራሱ ጨዋታ ነው፤ ሻይም እናዝዛለን። ሁለታችንም ስንት እንደተባባልን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም። ስልክ ላይ ግን ለአንዷ 200 ብር ከቀነስሽላት ንግግሩን ፎቶ አንስታ ለእህቷ ትልካለች። ነገ እህትየዋ ያንን ይዛ ነው የምትመጣው።